ለ34 ዓመት ዕድር የመሩ አባት «አሁንስ ልቀቁኝ» አሉን፤ በእናንተ ዘንድ ሽማግሌ እንዴት ይሸኛል?

የዕድር ጸሐፊ (ጉለሌ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አነብባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ጉለሌ ውስጥ የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሰብሳቢያችን 81 ዓመታቸው ነው። ዕድሩን በ1983 ዓ.ም. ክረምት ሲረከቡ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ጊዜ ንብረታችን ሁለት ብረት ድስት፣ አንድ የተቀደደ ድንኳንና አንድ ደብተር ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ከሁሉ ቀድመው ሲወጡ ነው። ለለቅሶ ብቻም አይደለም። ባልና ሚስት ቢጣሉ እሳቸው ዘንድ ነው፣ የአጥር ጠብ ቢነሳ እሳቸው ዘንድ ነው፣ ልጅ ከቤት ቢጠፋም መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። ሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዶርዜውም ጉራጌውም ኦሮሞውም አማራውም ያለበት ነው፤ ሰውየው የማን ወገን ናቸው ሲባል አንድም ቀን አልሰማሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያ በሽታ ሰፈሩን ሲጨርሰው አንዱን ድንኳን ሳንነቅል ሌላ እንተክል ነበር። ካዝናው ተራቆተ። አንዳንድ አባል «በዚያ በሽታ ለሞተ ዕድሩ አይክፈል» እስከማለት ደረሰ። እሳቸው ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስተው «ሬሳ መሸኘት የምናውቅ ሰዎች በሽተኛ መጠየቅ እንዴት ያቅተናል?» አሉ። መተዳደሪያ ደንባችን የተለወጠው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እናት አባት ላጡ ልጆች የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ከወርሃዊ መዋጮው ይነሳል። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ዛሬ ነርስ ናት፤ በየሳምንቱ ቤታቸው ሄዳ የእሳቸውን ስኳር ትለካለች።

አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ልቀቁኝ» አሉን፤ እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ «ያለ እርስዎ ማን አለን» እያልን እግራቸው ላይ ወደቅን። ባለፈው እሑድ ግን «ሬሳዬ እንዲመራችሁ ነው የምትጠብቁት?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንዴት እንሸኛቸው? ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በጭንቅላታቸው ያለውን እንዴት እንቀበላቸው? ማን ከማን በምን እንደተጣላ፣ በምን ቃል እንደታረቀ፣ የትኛው ቤት ለመለመን አፍሮ በረሃብ እንደሚያድር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከተለያየ አገርና ባህል ያላችሁ፣ በእናንተ ዘንድ እንዴት እንደሚደረግ ንገሩኝ።

ሽሮ ሜዳ

ጥሩ ጋቢና ካባ አልብሷቸው። በግ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቃቸው፤ እሳቸውም ይመርቁ። የምስክር ወረቀት ብቻ አስይዛችሁ እንዳትሸኟቸው፣ አደራ።

ከያቤሎ

ወንድሜ፣ ሰውየው ታላቅ ናቸው፤ ጥፋቱ ግን የእናንተ ነው። ቅር አይበልህ። አንድን ሰው 34 ዓመት ማሠራት እኛ ቦረናዎች ዘንድ ክብር አይባልም።

አባ ገዳ ስምንት ዓመት ይመራል። ስምንቱ ሲሞላ «ደህና እየሠራ ነው፣ ይቀጥል» የሚባል ነገር የለም፤ ባሊውን፣ ሥልጣኑን ማለት ነው፣ ያስረክባል። ተረካቢውም በዚያ ቀን የሚፈለግ ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በየእርከኑ እያለፈ ሕዝብ ሲያየው የኖረ ነው። በሥልጣን ዘመኑ መካከል ደግሞ ጉሚ ጋዮ አለ። ሕዝቡ ከያለበት ይሰበሰባል፣ ቀናት ይቀመጣል፣ ሕግ ይመረምራል፣ የመሪዎቹን ሥራም ያያል። ያጠፋ ይነቀላል፤ ቃሉም «ቡቂሱ» ነው፣ መንቀል ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የገዳን ሥርዓት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ብዙ ሰው ጭፈራውንና ልብሱን አየ። እኔን የሚያኮራኝ ግን መውረጃው ከመውጫው እኩል የተደነገገ መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ያስረከበ ሰው ቤቱ ገብቶ አይቀመጥም፤ ዩባ ይሆናል። ይመክራል፣ በክርክር መካከል ይጠየቃል፣ ሕጉ ሲዛነፍ ይናገራል። ዩባ የሚሆንበት ዘመን ከመራበት ዘመን እጅግ ይረዝማል። ስለዚህ አባትህ «ልቀቁኝ» ሲሉ «ልለያችሁ» ማለታቸው ላይሆን ይችላል። ምናልባት ዩባ ልሁን እያሉ ነው፣ እናንተ ግን ለዚያ ቦታ ስም ስለሌላችሁ አልሰማችኋቸውም።

ስለሚያውቁት ነገር ለጠየቅከው፦ እኛ ዘንድ «አርጋ ዸጌቲ» የሚባሉ አዋቂዎች አሉ፤ ያየና የሰማ እንደማለት ነው። ድርቁ፣ ጦርነቱ፣ የከብቱ እልቂት፣ ስምምነቱ ሁሉ «በእገሌ ገዳ» እየተባለ በየአባ ገዳው ስም ይቆጠራል። የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ያለ ወረቀት የቆየው እንዲህ ነው። ቃል የሚቆየው ደግሞ ተቀባይ አጠገቡ ሲኖር ነው። የእናንተ ሰብሳቢ አጠገብ በእነዚህ 34 ዓመታት ማን ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር?

የዕድር ጸሐፊ (ጉለሌ)

ከያቤሎ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ከበደችኝ። ማንም አልነበረም። እኔ ደብተር እይዛለሁ፣ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ይይዛል። ለሽምግልና ሲሄዱ ግን ብቻቸውን ነው የሚሄዱት፤ «የሰው ገመና ነው» ብለው። ምክትል ለሚባለው ሰውዬም ሥራ ሰጥተነው አናውቅም።

የጋሞ ልጅ

ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያን ጊዜ አርባ ምንጭ ነበርኩ።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢው ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሞቱትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሸማ ሠርተው ልጅ የሚያሳድጉ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ነደደ። እኔም ነድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ከተማችን ውስጥ የኦሮሞ ናቸው የተባሉ ንብረቶች ነበሩ፤ የወጣነው ወደዚያ ነው። ስልኬ ላይ የዘመዶቼ ፎቶ አለ፣ እጄ ላይ ድንጋይ አለ። 23 ዓመቴ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መንገዱ ላይ ጠበቁን። እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታችን ተንበረከኩ። አባቶቻችን፣ በሬሳ እንኳ የማይንበረከኩ ሰዎች፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ልጆቻቸውን ለመኑ። በእኛ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚሄድ የለም። ያለፈው ሰው ጎሜ፣ እርግማን እንደማለት ነው፣ ይገባል፤ ጎሜ ደግሞ በራስህ አይቆምም፣ ለቤትህም ለከብትህም ለእርሻህም ይተርፋል። ከፊቴ የነበሩት አባት የሚንቀጠቀጡት ከፍርሃት ይሁን ከእርጅና አላውቅም፤ ሣሩ ግን እጃቸው ላይ ሲርገበገብ አየሁት። ድንጋዩን ጣልኩ። ሁላችንም ተመለስን።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ እንደ አንድ ቀን ተአምር ነው የሚያወራው። እኔ ግን ልለው የምፈልገው ነገር አለ። ያ ሣር ያን ቀን የሠራው ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሁሉ ስለሠራ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ዱቡሻ፣ የጉባኤው አደባባይ፣ ላይ ስንቀመጥ አይተናል፤ ሰው ሁሉ በየተራ ይናገራል፣ ሽማግሌው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጥም፣ ስምምነት እስኪገኝ አይበተንም። የመሬት ጠብ፣ የውኃ ጠብ፣ የጋብቻ ጠብ እዚያ ሲያልቅ አድገናል። ሣር የያዙት ሰዎች ያን ዕለት ያየናቸው እንግዶች ቢሆኑ ኖሮ አልፈናቸው እንሄድ ነበር።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ ሰብሳቢያችሁን ስትሸኙ ለወጣቶቹ ፊት ለፊት ይታዩ። የሚተካው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይታይ። ክፉ ቀን ሲመጣ ልጆቹ የሚያውቁት ፊት ያስፈልጋል።

እንግዳ 09

የጋሞን ልጅ አነበብኩና አለቀስኩ። እግዜር ይስጥልን።

ግልጽ ልናገር

ክብሩን አልቃወምም። ግን ሽማግሌ በሚለው ስም ላይ የደረሰውን ጉዳትም አንሸፍን። በእኔ ወረዳ «የአገር ሽማግሌዎች» ተብለው ለስብሰባ የሚጠሩት ሁልጊዜ የታወቁት ሰባት ሰዎች ናቸው። አበል ይቀበላሉ፣ የፊተኛውን ወንበር ይይዛሉ፣ የተባሉትን መርቀው ይበተናሉ። እኛ ሁለት ቤተሰቦች በወሰን ተጣልተን ደም ሊፈስ ሲል ግን አንዳቸውም አልመጡም። የመጣችው አንዲት ቡና የምትሸጥ አሮጊት ናት። ወጣቱ ሽማግሌ አያከብርም እየተባለ ይወቀሳል፤ የትኛውን ሽማግሌ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከሐይቅ ማዶ (ወሎ)

ግልጽ ልናገር፣ አሳብህ ልክ ነው፤ እኛም አገር ይኸው ሕመም አለ። ልዩነቱን ግን ገበሬው ያውቀዋል። ተሹሞ የመጣውን ሽማግሌ ሰው አዳራሽ ውስጥ ያጨበጭብለታል፣ ለጉዳዩ ግን አባጋሩን ፍለጋ ሌሊት ይሄዳል።

አባጋር ማለት ለማታውቁት፣ በወሎ በገጠሩ ደም የሚያደርቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው። በአንድ ሸንጎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። አጎቴ አባጋር ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸውና። ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ሲመጣ እንዴት እንደሚሄድ ከእሳቸው ጋር እየሄድኩ አይቻለሁ። መጀመሪያ የገዳዩ ቤተሰብ ከሟች ወገን ዓይን እንዲርቅ ይደረጋል። ከዚያ ልመናው ይጀምራል። የሟች ቤት አንዴ ይመልሳል፣ ሁለቴ ይመልሳል፤ ሽማግሌ ግን ተሰደብኩ ብሎ አይቀርም። አጎቴ አንድ ቤት አሥራ አንድ ጊዜ ሲመላለሱ አይቻለሁ፤ አንዴ እንዲያውም ውሻ ለቀውባቸዋል። በአሥራ ሁለተኛው በር ተከፈተ። ከዚያ ካሣው ይቆረጣል፣ መሐላው በየእምነቱ ይፈጸማል፣ ይታረዳል፣ አብሮ ይበላል። ዱዓው ሲደረግ ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል።

አጎቴ ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልወሰዱም፤ በቅሏቸው እንኳ የሞተችው በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው። በሰው ጉዳይ ከብራቸው ከከብታቸው ጎድሏል፤ ሰው የሚያምናቸውም ለዚያ ነበር። ያንተ ሰባት ሰዎች ምን ጎደለባቸው? እኔ ሽማግሌን የምመዝነው በዚህ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ በእሳቸው ላይ ሳይሆን በራሳችን ላይ። አጎቴ ሲሞቱ ያስታረቋቸው ቤተሰቦች ብዛታቸው ይህን ያህል ነው ብሎ የሚናገር አልነበረም። ለቅሶው ላይ ሰዎች እየመጡ «እኔንም አስታርቀውኛል» ሲሉ ነው እኛ ልጆቻቸው የሰማነው።

እማወራ

እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ውብ ነው፤ ሁሉም ግን «አባት» ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ያሳዝነኛል።

ወሎዬው ወንድሜ፣ ዱበርቲዎቹን ለምን ተውካቸው? ወዳጃው፣ የዱዓው ስብሰባ፣ ላይ የሚመርቁት፣ ሰው ሲታመም የሚለምኑት እናቶች እነሱ አይደሉም? ከያቤሎ ያልከውም፣ አርሲ ውስጥ ስንቄ የተባለውን የክብር በትራቸውን ይዘው ሴቶች በሁለት ተዋጊዎች መካከል ሲገቡ ጠብ እንደሚቆም የምታውቅ ይመስለኛል። የ«ግልጽ ልናገር» ቡና ሻጭ እናት ደግሞ ለብቻዋ ክር ይገባታል።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በሰሜን ሸዋ ተወልደው፣ አባታቸውን በጣሊያን ጦርነት አጥተው፣ ገና ልጅ ሳሉ ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ከባል ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ናቸው። ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ሄደው በረሃቡ የረገፈውን ሰው አዩ፤ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያልተላቀቀች ሕፃንም አዩ። ለስንቅ የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፍለው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ። ትዳራቸው በዚህ ፈረሰ። ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ ነው የጀመሩት። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ «እናቴ» ብሎ ያለቀሰላቸውን ሰው ቁጥር ማን ያውቀዋል? ሽማግሌ ብሎ የሾማቸው ጉባኤ አልነበረም።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰብሳቢያችሁ ባለቤት አላቸው? ለ34 ዓመት ሌሊት ሌሊት በር የከፈተችው፣ ለተጣሉት ቡና ያፈላችው፣ ንፍሮ የቀቀለችው ማን ናት? ካባው አንድ ነው ሁለት?

ዱራሜ

እማወራ ቀደመችኝ። እኔ ከከምባታ ነኝ፤ ስለ ቦጋለች ገብሬ ሳልናገር አላልፍም። እኛ ቦጌ ነበር የምንላት።

ውጭ አገር ተምራ፣ እስራኤልም አሜሪካም ደርሳ ተመለሰች። የመጣችበትን ጉዳይ ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ነው። በራሷ ላይ የደረሰ ነገር ነበር። ግን መጀመሪያ ቀን ተነስታ «ባህላችሁ መጥፎ ነው» አላለችም። ሰዉን ምን ቸገራችሁ አለችው። ወንዙ አሻግር አላለንም፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ፣ ሰው ገበያ ለመውጣት ተቸግሯል አሏት። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹም፣ እናቶቹም፣ ወጣቶቹም ከእሷ ጋር ዛፍ ሥር መቀመጥ የጀመሩት። ያቋቋመችው «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የከምባታ ሴቶች በአንድነት እንደማለት ነው። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር፣ ሙሽራውም እንደምትበልጥበት በኩራት ሲናገር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያየ ሕዝብ ነን። በ2013 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም የንጉሥ ቦዱዋንን ሽልማት ሰጠቻት። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ተለየችን።

እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ድልድይ ተሻግሬ ነው የተማርኩት። ሰዎች ስለ ግርዛቱ ሥራዋ ሲያወሩ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ድልድዩን ነው።

የዕድር ጸሐፊ (ጉለሌ)

እማወራ፣ እህቴ፣ አሳፈርሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ።

እትዬ 76 ዓመታቸው ነው። ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ትናንት ቡና ልጠጣ ሄጄ ጠየቅኋቸው። የሴቶቹን ዕድር ከ1986 ጀምሮ ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የሴቶቹ ዕድር የእኛ ቅርንጫፍ ስለሚመስለን እኔ ደብተሩን እንኳ አይቼው አላውቅም ነበር። አወጡልኝ። ማን አራስ እንደሆነች፣ ማን ገንፎ እንደወሰደች፣ ማን ባሏ እንደሚመታት በምልክት የተጻፈበት ደብተር ነው። ምልክቱን የሚያነቡት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ነው፤ «ለሰው እንዳይነበብ ብዬ ነው» አሉኝ።

ካባው ሁለት ነው።

የአምቦበር የልጅ ልጅ (ነታንያ)

ሻሎም። አማርኛዬ የጽሑፍ ላይ ትንሽ ስለሚቸግረኝ ታገሡኝ።

አያቴ ጎንደር አምቦበር አካባቢ ቄስ ነበሩ። የቤተ እስራኤል ቄስ ማለት በአገራችን ጸሎት መሪ ብቻ አልነበረም፤ ያጋባል፣ ያስታርቃል፣ ይቀብራል፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ይቆጥራል። በሱዳን በኩል በእግር ሲወጡ እንኳ በመንገድ ላይ የሚሞተውን የሚቀብሩት፣ የቀረውን «በርታ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

እዚህ እስራኤል ሲደርሱ ሥራቸው በአንድ ቀን ጠፋ። የአገሩ የሃይማኖት ሥርዓት ቄሶቻችን እንዲያጋቡ አልፈቀደም። ቋንቋው ሌላ ነው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ሐኪም ቤት፣ መሥሪያ ቤት አስተረጉምላቸው ነበር። ሐኪሙ እኔን ያያል እንጂ እሳቸውን አያይም። ትልቅ ሰው በልጅ አፍ ሲናገር ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ አልገባኝም። ቤት ውስጥ ዝም እያሉ ሄዱ።

በዓመት አንድ ቀን ግን አያቴን አገኛቸው ነበር፤ በስግድ ቀን። ከዮም ኪፑር በኋላ ሃምሳኛው ቀን ላይ ኢየሩሳሌም እንወጣለን፤ ቄሶቹ በጥላቸው ሥር ቆመው በግእዝ ያነብባሉ፣ ሕዝቡ ይሰግዳል። ያን ቀን ጀርባቸው ይቃናል። በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድ በሕግ የአገሪቱ በዓል ሲሆን አያቴ በሕይወት ነበሩ፤ አለቀሱ።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ እኔ ያልሠራሁትን ልንገርህ። «ሌላ ጊዜ እቀዳቸዋለሁ» እያልኩ ቆየሁ። ከ1990 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረውን የመንደራችንን ሰው ዘር ማንዘር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሁሉን ያውቁ ነበር። ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸው ተያዘ። ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ዓይናቸው ያውቀኛል፣ ቃል ግን የለም። ካባውን ለሚቀጥለው ወር አቆየው። መቅረጫውን ግን ዛሬ ይዘህ ሂድ።

ነርስ በባህር ዳር

ለምትክ ጉዳይ አንድ ምሳሌ። ማሚቱ ጋሼ በ1962 እ.ኤ.አ. በወሊድ ተጎድታ ሕክምና የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ከታከመች በኋላ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ዶክተር ሐምሊንና ባለቤታቸው በቀዶ ሕክምናው ላይ አጠገባቸው አቆሟት፣ መሣሪያ ታቀብላለች፣ ታያለች፣ ከዚያ እጇን ይዘው አስነኳት። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። በኋላ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆና ከውጭ የሚመጡ ዶክተሮችን ታሳይ ነበር። አጠገብ መቆም ማለት ይህ ነው። ምክትላችሁን ለሚቀጥለው ሽምግልና ከሰብሳቢያችሁ ጋር ላኩት።

ቨርጂኒያ

እዚህ አሌክሳንድሪያ አካባቢ የዕድር ኮሚቴ ውስጥ ነኝ፤ ተግባራዊውን ልንገርህ።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስደተኛ ሆነው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናቸው እዚህ ማኅበረሰቡን ያቆሙት። እንደ ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ ያሉት በ1983 እ.ኤ.አ. አርሊንግተን ላይ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትን መሠረቱ፤ በኋላ የኢትዮጵያውያን ብቻ አልሆነም፣ ከብዙ አገር የሚመጣ ስደተኛ ሲቀበል ኖሯል። ትንንሾቹ ዕድሮች ግን የቆሙት በታክሲ ነጂዎችና በመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች ነው። ሰው ሲሞት ሬሳ አገር ቤት መላክ ብዙ ሺህ ዶላር ነበር፤ በየፓርኪንጉ እየዞሩ ይለምኑ ነበር።

የእኛ መሥራች ሲደክማቸው በአንድ ስብሰባ አላወረድናቸውም። አንድ ዓመት ሙሉ ተተኪው ስልክ እንዲያነሳ፣ እሳቸው አጠገቡ እንዲሆኑ ተደረገ። ሰው ሲደውል «እኔ ነኝ፤ ልጄን ግን ላገናኝህ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰዉ ቅር አለው፣ በስድስተኛው ወር ለመደ። ሌላው፣ ከሥራ ሲወርዱ ባዶ እንዳይሆኑ አንድ ነገር በእጃቸው ይቅር። የእኛው አዲስ አባል ሲገባ የሚቀበሉትና ደንቡን የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው እስከ ዛሬ።

ሲቀረጹ ደግሞ «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» አትበላቸው፤ «ምን አለኝ» ብለው ይዘጉታል። ደብተሩን ይዘህ ገጽ በገጽ እያሳየህ «ይህቺ ቀን ምን ሆኖ ነው?» በላቸው።

የዕድር ጸሐፊ (ጉለሌ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት እሑድ ተሰብስበን ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የያቤሎውን ወንድሜን ቃል ለጉባኤው አነበብኩት። ዩባ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሰብሳቢያችን ቀና አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ካለ እኔ እሱን ነው የምፈልገው» አሉ። በአንድ ድምፅ ወሰንን። ምክትሉ እስከሚመጣው ሰኔ ድረስ ከእሳቸው ጋር ለሽምግልናም ለሕመምተኛ ጥየቃም አብሮ ይሄዳል፤ በሰኔ ይረከባል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰብሳቢ ከአምስት ዓመት በላይ አይቀመጥም፤ ያስረከበ ሰው ደግሞ የዕድሩ መካሪ ተብሎ ደንቡ ላይ ቦታ ይኖረዋል። እትዬ የሴቶቹን ዕድር ደብተር ምልክት ለሁለት ወጣት ሴቶች ሊያስተምሩ ተስማምተዋል፤ ለእኔ ግን አላስተምርም አሉ፤ ትክክል ናቸው። የወጣቶቹ ቡድን በሽኝቱ ቀን ድንኳኑን ይተክላል፤ ይህ የጋሞው ወንድሜ አሳብ ነው።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት፣ የነታንያዋን እህታችንን ጽሑፍ ባነበብኩበት ማታ፣ ስልኬን ይዤ ሄጄ ነበር። እንደ ቨርጂኒያው ምክር የ1983ን ደብተር ገጽ በገጽ ገለጥንላቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አስቆሙኝ። በቀይ ብዕር ስምንት ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ ስም የለም፣ ቀን ብቻ። እኔ የተሰረዘ መዋጮ መስሎኝ ለዓመታት አልፌዋለሁ። ዕድርተኛ ያልነበሩ፣ መንገድ ላይ ሞተው የተገኙ ሰዎች ናቸው። እሳቸውና ሁለት ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ቀብረዋቸዋል፤ ካዝናው ስላልከፈለ ስም መጻፍ ነውር መስሏቸው ነው።

የስድስቱን ስም ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። የሁለቱን ስም ያን ጊዜም አላወቁትም። የት እንደተቀበሩ ግን ያውቃሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ምክትሉን ይዘን ሦስታችን እንሄዳለን።

ከያቤሎ

ቅዳሜ ስትመለሱ ጻፍልን።